በእጃቸው ይበላሉ

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሦስት ገጽ ሆላንድኛ ነበር፤ ያለ ማንም እርዳታ አንብቤ ጨረስኩት። በሁለተኛው ገጽ፣ «ችግሮች» ከሚለው ርዕስ ሥር፣ አራተኛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ወይዘሮዋ በእጃቸው ይበላሉ።»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ። መልሼ አነበብኩት። ያው ነው።

ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የትራሙን መንገድ ታያለች። «ሰማሽ?» አልኳት። «ጥፋትሽ ተገኝቷል። በእጅሽ ትበያለሽ አሉ።»

ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «እህ» አለች። አዎ ማለቷ ነው። የአገሬ ሰው ሁሉ አዎ የሚለው እንደዚያ ትንፋሹን ስቦ ነው። እሱንም ጽፈውታል፤ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ፦ «አልፎ አልፎ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።» ለዚህ የሳንባ ሐኪም ጋ ተላክን። ሐኪሙ አዳምጦ፣ ራጅ አንስቶ፣ ሳንባዋ የሠላሳ ዓመት ሴት ሳንባ ነው አለ። እኔ ይህን ሳይመረምራት እነግረው ነበር። አልጠየቀኝም።

ቀልድ ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። ግን የደብዳቤው ሦስተኛ ገጽ እንደሚለው ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት ገምጋሚ ወደ ቤታችን ትመጣለች። ባለቤቴ ከእኔ ጋር መኖሯን ትቀጥል ወይስ ፈርፕሌኽሃውስ ወደሚሉት፣ አእምሯቸው የደከመ አዛውንቶች ተቆልፎባቸው ወደሚጦሩበት ቤት ትግባ የሚለውን የምትጽፈው እሷ ናት። ስትመጣም ይህን ደብዳቤ ይዛ ነው የምትመጣው። የሃምሳ ዓመት ትዳሬን በእጅ መብላትና በትንፋሽ ሊፈርዱበት ነው እንግዲህ።

ለማያውቀኝ ሰው ራሴን ላስተዋውቅ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። የልብስ ስፌት መኪና ጥገና ማንም አላሳየኝም። የተጣለ መኪና አገኘሁ፣ ፈታሁት፣ ብሎኑን በየተራው ጋዜጣ ላይ ደረደርኩ፣ መልሼ ገጠምኩት። አንድ ብሎን ተረፈኝ፤ መኪናው ግን ሰፋ። ያቺ ብሎን ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። እዚህ አገር ስንገባ የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ከዘገምተኞች ክፍል አስቀመጠኝ። በሁለተኛው ሳምንት ትቼላቸው ወጣሁና ሆላንድኛን ከመዝገበ ቃላትና ከሬዲዮ የአየር ጠባይ ዜና ተማርኩ። ሮተርዳም ውስጥ ትልልቅ የስፌት መኪናዎች በሚጠገኑበት ወርክሾፕ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ፣ ዲፕሎማ ያላቸው መሐንዲሶች መኪናው እምቢ ሲላቸው «ሰውዬውን ጥሩት» ይሉ ነበር። ሰውዬው እኔ ነበርኩ። ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ አዳምጥና ጣቴን እጠቁም ነበር፤ ተሳስቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። ነበረች አልልም። እዚህ ዴንሃግ፣ ላክ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው በዚህ ቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ የሱሪናሙንም የቱርኩንም የሞሮኮውንም የሠርግ ልብስ ሰፍታለች። ጠመኔ አትነካም። ጨርቁን ታየዋለች፣ ሰውየውን ታየዋለች፣ ትቆርጠዋለች።

አራት ዓመት ይሆነዋል። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ሱሪ ልታሳጥር ተቀምጣ መቀሱን በስለቱ በኩል ይዛ አየኋት። ገለበጠችው። አውራ ጣቷን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች፣ መለሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ይኼ ነገር በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለች።

«አትቀልጂ» አልኳት።

«እኔ እንጃ። በየት በኩል ነው?»

ጮህኩባት። መቀሱን ከእጇ ነጠቅኩት። «አርባ ዓመት የያዝሽው መቀስ አያያዙ ጠፋሽ?» አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይጽፋል ወይ የሚለኝ ካለ፣ እኔ የማልጽፈውን ማንም አይጽፍልኝም። ጮህኩባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጆቿን ነጠላዋ ሥር መደበቅ ጀመረች። ቤት ውስጥ፣ ማንም በሌለበት፣ እንደ በረደው ሰው።

ከመቀሱ በኋላ ቁልፉ መጣ፤ ከቁልፉ በኋላ የቴሌቪዥኑ ሪሞት፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋው «ሃሎ» ስትል። የአንጎል ሐኪም አልዛይመር ነው አለን፤ በአምስት ደቂቃ። እጇ ላይ የሆነውን ግን አላብራራልኝም። ስለዚህ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለ አንጎል ከተጻፉት በጣም ወፍራሙን መጽሐፍ አወረድኩና መዝገበ ቃላቴን ይዤ ስድስት ሳምንት ተቀመጥኩ። አገኘሁት። አፕራክሲያ ይሉታል። እጅ አይደክምም፣ ዓይን አይጠፋም፣ የተባለውንም ሰውየው ይሰማል፤ ግን ማበጠሪያውን ሲይዝ ማበጠሪያው ለምን እንደሆነ እጁ አያውቅም። እኔ ስረዳው እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ይዞራል፣ መርፌው ስል ነው፣ ክሩም አለ፤ ሞተሩን ከመርፌው የሚያገናኘው ቀበቶ ነው የተንሸራተተው። ይህን ለሐኪሙ ነገርኩት። «ደስ የሚል አገላለጽ ነው» አለኝ። አገላለጽ አይደለም፤ እውነቱ ነው!

ወደዚያ ደብዳቤ ልመለስ፤ ከየት እንደመጣ መናገር አለብኝ። ምርመራው ሮተርዳም ሆስፒታል ውስጥ ነበር። መርማሪዋ ኤርጎቴራፒስት የሚሏት፣ ሰው በዕለት ሥራው እጁን እንዴት እንደሚጠቀም የምትመለከት ባለሙያ ናት። ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋለች፤ የልጃችን ታናሽ ብትሆን ነው።

«ሰው ከሩቅ ሲጠሩ እንዴት እንደሚያደርጉ ያሳዩኝ» አለቻት፤ ተረጎምኩላት።

ባለቤቴ ክንዷን ዘርግታ፣ መዳፏን ወደ መሬት አድርጋ፣ ጣቶቿን አጠፍ ዘርጋ አደረገች። ልክ ነው! ልጅቷ ግን «እንደገና ይሞክሩ» አለችና አንድ ነገር ጻፈች።

«ምን ጻፍሽ?» አልኩ። «እኛ ሰው የምንጠራው እንዲህ ነው። መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ በጣት የሚጠራው ውሻ ነው።»

«ጌታዬ፣ እባክዎ ወይዘሮዋ ራሳቸው ይመልሱ።»

«መልሳለች እኮ! አንቺ አላነበብሽውም።»

ቀጥላ ደህና ሁን ብላ እጇን እንድታውለበልብ ጠየቀቻት። ባለቤቴ እጇን አነሳችና አየር ላይ ተወችው። ቀጥላ መዶሻ የያዘች አስመስላ ምስማር እንድትመታ። በጡጫዋ ጠረጴዛውን መታች። «መዶሻውን አምጪላት፣ ያን ጊዜ ትይዘዋለች» አልኩ። ልጅቷ ማበጠሪያ አውጥታ ሰጠቻት። እውነተኛ ማበጠሪያ።

ባለቤቴ ማበጠሪያውን ወደ አፏ ወሰደች።

«በጸጉርሽ!» ብዬ ጮህኩ። «በጸጉርሽ ነው፣ በጸጉርሽ!» ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ፤ እጆቿም ነጠላው ሥር ገቡ። ያን ጊዜ ነው ልጅቷ ተነስታ በሩን የከፈተችልኝ። ለሰው ስናገር «እውነቱን ስለነገርኳት አስወጣችኝ» እያልኩ ኖሬአለሁ። ያስወጣችኝ ሚስቴ ላይ ስለጮህኩ ነው።

እኔ ኮሪደር ላይ ስቀመጥ በስልክ አስተርጓሚ ደወሉላት። እንግዲህ አስቡት። ባለቤቴ «እህ» እያለች ትንፋሿን ትስባለች፤ ትንፋሽ በስልክ አይሰማም፤ አስተርጓሚው «ምንም አልመለሱም» ይላል፤ ልጅቷ «አይመልሱም፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል» ብላ ትጽፋለች። «ምግብ በምን ይበላሉ?» ስትላት ደግሞ እጇን አውጥታ አሳየቻት። በአፏ ተናግራ ቢሆን ኖሮ ባልተሰማ። እጇ ታየና ችግር ሆነ። ደብዳቤው እንደዚህ ተሠራ።

ሦስት ሳምንት ነበረኝ። ሦስት ሳምንት ውስጥ ወርክሾፑን በሙሉ ጠግኜ አውቃለሁ። ጠረጴዛው ላይ ማበጠሪያ፣ ማንኪያ፣ የጥርስ ቡሩሽና ቁልፍ ደረደርኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከሰዓት አንድ ሰዓት። «ማንኪያ አንሺ። ይኼ ማንኪያ አይደለም፣ ቡሩሽ ነው። ማንኪያ። በማንኪያ ምን ይደረጋል? አሳዪኝ።» በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር በትክክል ይዛ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ። በአምስተኛው ቀን እጆቿ ከነጠላው አልወጡም። እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አዘዝኩ። መማር የሚቻለው በመደጋገም ነው፤ እኔ የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ ለእሷ የማይሆንበት ምክንያት አልታየኝም።

እሑድ አምስተርዳም ኖርድ ወደምትኖረው ልጃችን ሄድን። እሷም የምትሠራው በአዛውንቶች መንከባከቢያ ቤት ነው። አንተ ትለኛለች። እዚህ ያደገ ልጅ አባቱን እንደ ጓደኛው ነው የሚጠራው፤ ስቆጣ ኖሬ ደከመኝ። ስለ ጠረጴዛው ትምህርት ነገርኳት፤ ትመሰግነኛለች ብዬ ነበር።

«ፓፓ፣ እያሠቃየሃት ነው» አለችኝ።

«እያስተማርኳት ነው።»

«ማንኪያ፣ ማበጠሪያ፣ ማንኪያ፣ ማበጠሪያ! እማዬ የስፌት መኪና አይደለችም። ዘ ኢስ ኸን ማሺነ!»

«ሆላንድኛውን ተዪው፣ በአማርኛም ሰምቼሻለሁ።»

«አልሰማኸኝም። አንተ ራስህን ካልሆነ ማንንም ሰምተህ አታውቅም።» ድምፅዋን ቀነሰች። «ገምጋሚዋ እንድትመጣ ያመለከትኩት እኔ ነኝ።»

ልጄ ናት። ወደዚህ አገር በጀርባዋ አዝላ ያመጣቻት እናቷ ናት። «እናትሽን ልታስቆልፊባት?» አልኳት።

«ከጩኸትህ ላወጣት። ስትገባ እጇን አየኸው? እኔን እንኳ ስትስመኝ አላወጣችውም።»

ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ሆና «አትጣሉ» አለች። ቡናም ሳልጠጣ ተነሳሁ።

ልጃችን ግን እስከ ጀልባው ሸኘችን። ከኖርድ ወደ መሀል ከተማው ብስክሌተኛውን ሁሉ ጭኖ በነፃ የሚያሻግረው ጀልባ ነው። ንዴቴ አልበረደም፤ ሳልሰናበታት ገባሁ። ጀልባው ሲላቀቅ ልጃችን ከዳርቻው ቆማ እጇን አውለበለበች። አጠገቤ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። የባለቤቴ ቀኝ እጅ ከነጠላው ወጥቶ፣ ከፍ ብሎ፣ ያውለበልባል። ልክ እንደ ማንም ሰው። በሆስፒታሉ አየር ላይ የቀረው ያው እጅ!

ማንም አላዘዛትም። ይህን አየሁ እንጂ የዚያን ቀን ምን እንዳየሁ አልገባኝም። ንዴት ጆሮ ይደፍናል፤ ጆሮዬ ደግሞ መሣሪያዬ ነበር።

የገባኝ በቧንቧ ነው። ቤቱን ያከራየን ድርጅት የወጥ ቤታችንን ቧንቧ ሳይጠይቀን ለውጦታል። ድሮ የሚዞር ነበር፤ አሁን ወደ ላይ የሚነሳ ማንሻ አለው። ባለቤቴ ምሳ ልትበላ እጇን ልትታጠብ ፊቱ ትቆምና የሌለውን ነገር ልታዞር ትሞክራለች። እኔ ከኋላዋ፦ «ወደ ላይ! ወደ ላይ አንሺው! ወደ ላይ አልኩሽ!» እሷ ትቆማለች። ሽሮው ይቀዘቅዛል። ያን ዕለት ትዕግሥቴ አለቀና፣ መስኮቱ ላይ የነበረውን አረንጓዴ የአበባ ማጠጫ አንስቼ፣ አንድም ቃል ሳልናገር ውሃውን እጇ ላይ አንቆረቆርኩት። ልስድባት ነበር፤ ለስድብ የሚሆን ቃል አጥቼ ነው ዝም ያልኩት።

ውሃው እጇን ሲነካ ሁለቱ እጆች ተገናኙ። ተፋተጉ። የግራው የቀኙን ጣቶች አንድ በአንድ አሸ፤ የቀኙ የግራውን። ከዚያ ሦስት ጊዜ አራገፈቻቸውና፣ ፊቷን ሳታዞር፣ በልጅነታችን ትልልቅ ሰዎች ለሚያስታጥባቸው ልጅ በሚሉት ድምፅ «እደግ» አለችኝ።

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። በቤታችን ወግ ውሃ የሚፈሰው ለእኔ ነበር፤ የምታፈሰው እሷ ወይም ልጃችን። ማንቆርቆሪያ ይዤ ሴት አስታጥቤ አላውቅም። ማጠጫውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ፎጣ ስትጠብቅ እጆቿ አየር ላይ ናቸው፤ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ማድረግ ነበረብኝ፤ አስታጣቢ ፎጣ ትከሻው ላይ ነው የሚያደርገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አደርጋለሁ።

ወርክሾፑ ውስጥ እንዳለ ሰው ማሰብ ጀመርኩ። መኪናው ምን ሲሆን ይሠራል፣ ምን ሲሆን ይቆማል? ደግሜ ሞከርኩት። «እጅሽን ታጠቢ» ካልኩ፣ ማጠጫውን ብይዝም፣ እጆቿ ይደናገራሉ። ዝም ብዬ ካፈሰስኩ ይገናኛሉ። «ብዪ» ካልኳት እንጀራውን ታያለች። ዝም ብዬ መብላት ከጀመርኩ ትቆርሳለች፣ ትጠቀልላለች፣ አንድ ጠብታ አታንጠባጥብም። ትእዛዝ ነው የሚያበላሸው። ቀበቶው የሚንሸራተተው ሲታዘዝ ነው። እጇ የሚያውቀውን ያውቃል፤ ጠይቀው ሲያስጠሩት ነው የሚጠፋበት። ይህን ያ ወፍራም መጽሐፍ በአንድ ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል ጽፎት ነበር፤ ያን ጊዜ አልፌው ነበር። ነገር ግን በአበባ ማጠጫ ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ጠረጴዛውን አጸዳሁ። ከዚያ ያለው ሥራ የሕይወቴ ከባዱ ሥራ ነበር፦ ዝም ማለት። እኔ መናገር እወዳለሁ፤ የምናገረውም ስላለኝ ነው። ጠዋት መስታወቱ ፊት አጠገቧ ቆሜ መላጣዬን በማበጠሪያ ማበጠር ጀመርኩ። አየችኝ። «ምን ልታገኝ ነው?» አለችና ሳቀች፤ ማበጠሪያውን ነጠቀችኝና የራሷን ጸጉር አበጠረች። ሁልጊዜ አይደለም። ማበጠሪያው ወደ አፍ የሚሄድበት ጠዋት አለ። በዚያ ጠዋት ከንፈሬን ነክሼ ከእጇ ቀስ አድርጌ ወስጄ እኔ አበጥራታለሁ። መቀሱን ግን መሳቢያ ውስጥ ከብሎኗ ጋር ቆልፌበታለሁ። መቀሱ አልተመለሰም።

ገምጋሚዋ የመጣችው ረቡዕ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነው። ረጅም ናት፤ ሃምሳ ያለፋት፣ የዝናብ ልብሷ የሚያንጠባጥብ፣ ብስክሌቷን ከደረጃው ሥር ያሰረች። ልጃችንም ከአምስተርዳም መጥታ ነበር፤ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ነው። ገምጋሚዋ ደብዳቤውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለባለቤቴ «ጥርስዎን ሲቦርሹ እንዴት እንደሚያደርጉ ያሳዩኛል?» አለቻት።

ልጃችን ተረጎመች። እጆቹ ነጠላው ሥር ናቸው።

«ልብስዎን ሲቆልፉስ?»

ምንም።

ደሜ ፈላ። «ቡሩሹን አምጥተሽ እይ፣ ጠዋት መስታወቱ ፊት ነይ፣ በአየር ላይ ማን ይቦርሻል» የሚለው ሁሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ጥርሴን ነክሼ የመጋረጃውን ቀለበቶች ቆጠርኩ። አሥራ አራት ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ። ገምጋሚዋ ስትጽፍ የብዕሯ ድምፅ እንደ ጥርስ ቁፋሮ ተሰማኝ። ልጃችን ጠጋ ብላ በአማርኛ «ፓፓ፣ አሞሃል እንዴ?» አለችኝ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ገምጋሚዋ ከቦርሳዋ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ዳቦ ልታወጣ ስትል በእጄ ከልክዬ ማዕዱን አቀረብኩ። ቀኑ የጾም ነው፤ ሽሮና ጎመን። ሽሮው የእኔ ሥራ ነው፤ ሰፈራችን ያለችው እንጀራ የምትሸጥልን ኤርትራዊት ሳይቀር አሠራሩን ጠይቃኛለች። ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ በግራ እጄ ሳህን፣ በቀኝ እጄ አረንጓዴውን የአበባ ማጠጫ ይዤ ቆምኩ። እንግዳ ይቀድማል። ገምጋሚዋ ማጠጫውን አየች፣ እኔን አየች፣ ልጄን አየች። «እጅዎን ይዘርጉ» አለቻት ልጄ፤ እሷም ከሳቅ ጋር እየታገለች ነው።

ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ምንም አላልኩም። ሳህኑን ከፊቷ አደረግኩና ማጠጫውን አዘነበልኩ።

እጆቹ ወጡ። በልጃችን ፊት፣ በደብዳቤው ፊት። ተገናኙ፣ ተፋተጉ፣ ጣት በጣት ታሹ፤ ሦስት ጊዜ ተራገፉ። «እደግ» አለች።

«ምን አሉ?» አለች ገምጋሚዋ።

ልጃችን የእናቷን እጆች አየች። ከዚያ በሆላንድኛ «ውሃ የሚያፈስ ልጅ የሚመረቅበት ቃል ነው። ትልቅ ሰው ሁን ማለት ነው» አለቻት።

«ስንት ዓመትዎ ነው?» አለችኝ ገምጋሚዋ።

«ሰባ ስምንት» አልኩ። ከበሩ ከገባች ጀምሮ የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው።

በላን። ባለቤቴ በሦስት ጣቷ ቆርሳ፣ ሽሮውን ጠቅልላ፣ ከመዳፏ ጠብታ ሳይወርድ በላች። ገምጋሚዋ በሁለት እጇ እየጎተተች፣ ከእንጀራው ሥር እያፈሰሰች፣ ደብዳቤው ላይ፣ እዚያው ሁለተኛ ገጽ ላይ፣ ሽሮ ጠብ አደረገች። ለልጄ ዓይኔን ጠቀስኳት። በሹክሹክታ «ጻፍባት፣ ‹በእጃቸው መብላት አይችሉም› በል» አለችኝ፤ ልክ እኔ ልለው ያሰብኩትን! የእኔ ልጅ ናት፤ ማንም አይክዳት። ባለቤቴም እንግዳዋን ትንሽ አየቻትና አዘነችላት መሰለኝ፣ ደህና አድርጋ ጠቅልላ ወደ አፏ ዘረጋችላት። ሴትየዋ አፏን ከፍታ ጎረሰች። ምን ታድርግ?

ሁሉ አላማረም። ሻይ ሲመጣ ባለቤቴ ስኳሩን እጅ በታጠብንበት ሳህን ውስጥ ጨመረችና በጣቷ አማሰለች። ገምጋሚዋ አየች፤ ጻፈች። እኔም አየሁ። ሳህኑን አንስቼ ሌላ ስኳር አመጣሁ። ምንም አላልኩም። ልጃችን ስትወጣ ከበሩ ላይ ጉንጬን ሳመችኝና «ነገ እደውላለሁ» አለች። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

አዲሱ ደብዳቤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ባለቤቴ ለጊዜው እቤቷ ትቆያለች። ጠዋት ጠዋት ልብስ የምታለብሳት ሴት ትመጣለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን አዛውንቶች ወደሚውሉበት ቤት ትሄዳለች፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይታያል። ስድስት ወር ምን እንደሚወስድ አውቃለሁ፤ ወፍራሙ መጽሐፍ ነግሮኛል፤ ለዚያም ንዴቴን አስቀምጫለሁ። ለውሎ ቤቱ ሹካ እንዳይሰጧት በሁለት ገጽ ጽፌ ልኬላቸዋለሁ፤ ውሃ እንዴት እንደሚፈስም ከነሥዕሉ።

ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ። «ጥሩ የሆኑ ነገሮች» ከሚለው ርዕስ ሥር፦ «ወይዘሮዋ ያለ እርዳታ፣ በንጽህና፣ በእጃቸው ይበላሉ።» ያው ዓረፍተ ነገር። ርዕሱን ብቻ ነው የለወጡት፤ ለዚህ ሦስት ሳምንት ደሜን አፈሉት።

ከሥሩ ደግሞ ስለ እኔ ጽፈዋል። «ባለቤታቸው ዝምተኛ ሰው ናቸው። ይህ ወይዘሮዋን በጣም ይጠቅማቸዋል።»

እኔ! ዝምተኛ! በሰባ ስምንት ዓመቴ እንዲህ ያለ ስም ያወጣልኝ የለም። ለልጄ በስልክ አነበብኩላት፤ ስልኩ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። «ፓፓ፣ ፍሬም አድርገን እንሰቅለዋለን» አለች። ወረቀት አወጣሁና መልስ መጻፍ ጀመርኩ፦ ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደማውቅ፣ ይህን ዘዴ ማን እንዳገኘው። አንድ ገጽ ሞላሁ፤ ሆላንድኛው ስህተት የለበትም።

ሁለተኛውን ገጽ ስጀምር ባለቤቴ ከመስኮቱ ተነስታ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ምሳ ሰዓት ነበር። እጆቿ ከነጠላው ወጥተዋል፤ ዘርግታቸው ትጠብቃለች። ልነግራት የፈለግኩት ብዙ ነበር። ብዕሩን አስቀምጬ ማጠጫውን ሞላሁ፣ ፎጣውን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ፣ አፈሰስኩላት።

«እደግ» አለችኝ።